የቱሩምባው ሳጥን

«ከሥር ውጡ!» እያለ ሃያ ሁለት ዓመት ነፍስህን ሲያተርፍ የኖረ ሰው ድምፁን ቢያጣ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርገዋለህ? የብረታ ብረት ፋብሪካው አለቆች መልሱን ለማግኘት ብዙም አልተጨነቁ። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው በተሰበሰበበት ይቅረብና፣ ክሬኑ ጭነት ሲያወርድ ማስጠንቀቅ እንደሚችል ያሳይ፤ ካልቻለ ይሰናበት፣ አሉ።

ሰውየውን ፋብሪካው ሁሉ «ቱሩምባው» ነበር የሚለው። ሐኪሞቹ ጉሮሮው ላይ የበቀለውን ክፉ ነገር ሲያወጡ ድምፁንም አብረው አወጡት። ሞባይል ጠጋኝ የሆነች ታናሽ እህቱ ግን ቀድማ ነቅታ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አስቀምጣ ስድስት ጥሪዎች አስጮኸችውና በስልኳ ቀዳችው። አሁን እነዚያን ጥሪዎች የሚያሰማ ሳጥን እየሠራችለት ነው፤ ቁልፍ ሲጫን አንዲት መዳፍ የማትሞላ የኮምፒዩተር ሰሌዳ በሽቦ ለአንዲት ትንሽ የድምፅ ማጫወቻ ትእዛዝ ትልካለች፣ ማጫወቻው ጥሪውን በድምፅ ማጉያ ይለቀዋል።

ጠረጴዛዋ ላይ፣ ሁለቱም ከላፕቶፑ ኃይል ሲያገኙ፣ እንደ ጉድ ሠራ። ሳጥኑ ግን ላፕቶፕ ተሸክሞ አይዞርም። ስለዚህ ለሰሌዳዋ አንድ ባትሪ፣ ለማጫወቻው ሌላ ባትሪ ሰጥታ፣ ሽቦውን ሁሉ አገናኝታ፣ አርብ ዕለት ለወንድሟ አስረከበችው። እሱም ቆርቆሮ ቆርጦ ሳጥኑን ቀጠቀጠ፣ ሽቦዎቹን ደርድሮ በቴፕ እንደ ጨቅላ ጠቀለላቸው። እጁ የተባረከ ነው።

ቅዳሜ ቁልፉን ሲጫኑት ሳጥኑ ጭጭ አለ።

ላኪውን ሽቦ ከተቀባዩ ጋር አሳስቼው ይሆን ብላ አቀያየረች። ሰሌዳዋ ትእዛዙን የምትልክበትን ፍጥነት እየቀያየረች ፈተሸች። ጥሪዎቹ ያሉበትን ሜሞሪ ካርድ ባዶ አድርጋ እንደገና ጫነችባት። ሮጣ ሄዳ አዲስ ማጫወቻ ገዛች። ሰሌዳዋ ትእዛዙን በትክክል ትልካለች፤ የማጫወቻው መብራትም በርቷል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው አይሰማም። ያልነካችው በቴፕ የተጠቀለለውን ብቻ ነበር፤ የታላቅ ወንድሟን እጅ መጠርጠር ነውር መሰላት።

«አይዞህ ጋሼ፣ እሺ ይላል» አለችው እሑድ ከሰዓት፤ ራሷም አላመነችውም።

ደብተሩን ሳብ አደረገና ጻፈ፦ «እቴ፣ ሳጥኑ እኔን መሰለ። ውስጥ ውስጡን ያወራል።»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣጥፎ «በል እስቲ፣ ያናግረን» አለ። ቱሩምባው ቁልፉን ተጫነ። ደግሞ ተጫነ።

«ወይ ጉድ! ባለቤቱ ሳያንስ ሳጥኑም ታመመ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ከኋላ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ።

«አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ፣ ጌታዬ» አለች እህቲቱ።

«ብረት ሲወርድ አንድ ቀን ይጠብቃል እንዴ፣ እመቤት?» አለና ስንብቱን እዚያው ጉልበቱ ላይ ፈረመ።

ቤት ሲደርሱ ቴፑን ፈታችው። ሁለቱን ባትሪዎች በኔጌቲቭ በኩል ያገናኘችበት ጥቁር ሽቦ ለሁለት ተቆርጧል፤ ጫፎቹ በጥንቃቄ ታሽገዋል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?»

ደረቱን ነካ። ከዚያ ጻፈ፦ «ሁለት የኃይል ምንጭ አይገናኝም። በፋብሪካው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለዚህች ለዚህች ምን ያስጽፋል ብዬ።»

ያ ሕግ የተጻፈው ሰው ለሚገድለው ለፋብሪካው ትልቅ የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። እነዚህ ትንንሽ ባትሪዎች ግን ኔጌቲቫቸው ካልተገናኘ አንደኛው የሚልከውን ሌላኛው የሚለካበት መነሻ የለውም፤ ትእዛዙን ውሃ ይበላዋል። ይህን ለቱሩምባው ማን ነገረው? ግድግዳው ላይ ክልከላው እንጂ ምክንያቱ የለም። አንድ ጊዜ ቢጠይቅ «አንተ አክብር፤ መጠየቅ ሥራህ አይደለም» ብሎት ነበር ሥራ አስኪያጁ። አከበረ።

ሽቦውን ቀጥላ ቁልፉን ተጫነች። «ከሥር ውጡ! እየወረደ ነው!» የቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ ጥሪው እስኪያልቅ ድምፅ ማጉያውን በመዳፉ አፍኖ ያዘው። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብትጠራው፣ ብትለምነው አልዞረም።

ሳጥኑን አቅፋ ብቻዋን ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። ጥበቃው «እህቴ፣ የተፈረመ ነገር ነው፤ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» ብሎ በሩ ላይ አቆማት። ግቢው ውስጥ ክሬኑ ጭነት አንጠልጥሏል። በፍርግርጉ በኩል ቁልፉን ተጫነች።

አሥር የሚሆኑ ወንዶች ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ከጭነቱ ሥር ዘለው ወጡ። ዞረው ማን እንደጠራቸው ፈለጉ፤ ሳጥኑን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። ጠዋት የሳቀውም ከእነሱ ጋር ነበር። ፎቁ ላይ የሥራ አስኪያጁ መጋረጃ ተዘጋ።

ያኔ በራሷ ድምፅ ጮኸች።

«አንተ መጋረጃ የዘጋኸው! ‹አታገናኝ› ብለህ በቀይ ቀለም ስታስጽፍ ለምን እንደሆነ ማስጻፍ ምን ከለከለህ? ወንድሜን ያባረርከው ትእዛዝህን ስላከበረ ነው! ና ውረድ፤ እዚሁ፣ ድምፁን ሰምተው ነፍሳቸውን ባተረፉት ሰዎች ፊት መልስ፤ ይሄ ሰው ማስጠንቀቅ አይችልም?»