ለውሻዬ ነው

ይሉኝታ በረንዳ አዳሪ ስሆን የሚለቀኝ ይመስለኝ ነበር። አይለቅም። ጫማ ይሰረቃል፣ ብርድ ልብስ ይሰረቃል፣ ይሉኝታን ግን የሚሰርቅልህ ሌባ የለም።

አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጣቢ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ፊቴን ቧንቧ ላይ ታጥቤ ሄድኩ። ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ «ሦስት ቀን እንይሽ» አለ። እኔና ጓደኛዬ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ማደር ከጀመርን ስምንት ወራችን ነው። ጭራሮ እላታለሁ፣ ከቅጥነቷ የተነሳ፤ አሁንማ ስሙም በዛባት። ሳል ይዟት ተኝታለች። ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ሁለታችንም የምንቀምሰው የለም።

የመጀመሪያው ቀን፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ሼፏ ለሠራተኛው ምሳ አቀረበች። «ነይ እህቴ፣ ብዪ።»

«በልቻለሁ እትዬ፣ ተመስገን።»

እህል ባፌ ከዞረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ምን ላድርግ፣ እናቴ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚሰድ ስድ ነው ብላ አሳድጋኛለች፤ ቢያንስ ሦስቴ መለመን አለብሽ። እዚያ ቤት ግን የሚለመነው አንዴ ነው። ሼፏ «እንደፈለግሽ» ብላ ድርሻዬን ለአስተናጋጁ ደረበችለት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። በማግስቱም ጠራችኝ፣ በማግስቱም «በልቻለሁ» አልኩ። ትናንት ጠግባ የመጣች ዛሬ ምን ነካት እንዳልባል ነው። በሦስተኛው ቀን መጥራቱንም ተወችው።

የዚያን ቀን ሰሃን ስጠርግ ያልተነካ ዳቦና የዶሮ ጭን አገኘሁ። ለጭራሮ ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ጉያዬ ከተትኩት። ስወጣ ባለቤቱ በር ላይ ቆሟል።

«ምንድን ነው እሱ?»

ጉያዬን በክንዴ ሸፈንኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እሷ የኛን ምግብ አትነካም» አለች ሼፏ፣ የረዳችኝ መስሏት። «ሁሌ በልታ ነው የምትመጣው።»

«ታዲያ ልትሸጪው ነው?»

ራበኝ ማለት ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ሕፃን እንኳ ይላታል። አፌ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«ለውሻዬ ነው» አልኩ።

ፊቱ ፈታ አለ። ለካ እሱም ውሻ ይወዳል። «እንዲህ አትዪኝም ታዲያ? ነገም ነይ፣ ሥራሽን ወድጄዋለሁ» አለኝ።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ደሞዝ ወር ሲሞላ ነው። ሼፏም መጥራቱን እንደተወች ቀረች። ስወጣ ባለቤቱ ራሱ ፌስታሉን ሞልቶ ይሰጠኛል። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ለውሻ ስለሆነ ግን አጥንቱንም፣ የዓሣ እሾሁንም፣ ሰው አኝኮ የተፋውንም አንድ ላይ ነው የሚገለብጠው። ሶፍት የተቀላቀለበት ቀንም አለ። እኔና ጭራሮ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለን እንለቅማለን። መጀመሪያ ሰሞን ጭራሮ እንደ ውሻ እየጮኸች ታስቀኝ ነበር። አሁን አንስቅም፣ አናለቅስምም። እንበላለን።

ሰኞ ዕለት ፌስታሉን እያቀበለኝ፣ «ውሻሽ ማን ይባላል?» አለ።

አላሰብኩበትም ነበር። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «አጣቢዋ» ነው የሚለኝ፣ ስሜን የሚያውቅ የለም። አፌ ላይ የመጣውን ሰጠሁት፤ የራሴን።

«ሴት ናት ለካ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስገባ በስሜ እየጠራ፣ «እንዴት አደረች?» ይለኛል።

«ደህና አደረች» ብዬ ወደ ሰሃኖቼ እሄዳለሁ።