የሹፌሩ ካፖርት

ትከሻው ደግሞ እንዴት ሰፊ ነው፣ ሃምሳ ሁለት ሳይሆን አይቀርም፣ ሜትሩን ዘርግቶ ይለካዋል፣ ሃምሳ ሁለት፣ እንዳለው፣ ሃያ ዓመት የሰው ትከሻ ሲለካ የኖረ ልብስ ሰፊ እንዴት ይሳሳታል፣ ምነው ዛሬ በተሳሳተ። ካፖርቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ የሰውየው ጠረን ያለበት። ሳሙና፣ ትንሽም ቤንዚን። ሹፌሩ። የልብስ ሰፊው ሚስት ከምትሠራበት ሆስፒታል በሽተኛ የሚያመላልሰው፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር እሷን እደጃፍ ድረስ የሚያደርሳት፣ ዝናቡ ደግሞ እዚህ አገር ከገቡ ወዲህ፣ ይኸው ስምንት ወር፣ አባርቶ አያውቅም።

ጠዋት እየተጣደፈች ነው የሰጠችው፣ አንድ ቁልፍ ወልቆበታል፣ ኪሱ ውስጥ አለልህ፣ በሞቴ ትከልለት፣ ባለቤቴ ስፌት ላይ የሚደርስበት የለም ብዬ አውርቼለታለሁ። አውርቼለታለሁ። እሱ ገና ዳቦ በጣቱ እየጠቆመ በሚገዛበት አገር እሷ ባል እስከ ማሞገስ ደርሳለች፣ ተመስገን ይባላል እንጂ ይሄ ይቆጫል? ይቆጫል። አገር ቤት ሰው የሚያውቀው እሱን ነበር፣ ጋሼ ሱሪዬ ደረሰ ወይ፣ ጋሼ ሠርጌ ቅዳሜ ነው እንዳታዋርደኝ፣ እሷን የሰፊው ሚስት ነበር የሚሏት፣ አሁን እሱ የነርሷ ባል ሆኗል፣ ለሥራ የመጣችው እሷ፣ እሱ ከሻንጣው ጋር የመጣ።

ልጅቱም ብትሆን። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ምን ታውቃለች፣ ትናንት በመስኮት እያየች፣ አባዬ፣ እማዬ መኪናው ውስጥ እየሳቀች ነው፣ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቃት፣ ቤት ስትገባ እግሬን አመመኝ ናት። ሰውየው ክፉ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር፣ ማቀዝቀዣውን ሦስት ፎቅ የተሸከመላቸው እሱ፣ ልጅቱን ትምህርት ቤት ያስመዘገበላቸው እሱ፣ ደህና ሰው ላይ መቅናት እንዴት ያደክማል። ቅናት አይደለም ይላል ለራሱ። ነው እንጂ፣ ምን ይሸፋፍነዋል።

መርፌው ላይ ክር ያስገባል። የወለቀው የታችኛው ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ተክሎ መገላገል፣ እጁ ግን የልማዱን ያደርጋል፣ የቀሩትም እንዳይላሉ አንድ በአንድ ሳብ ሳብ፣ የላይኛው፣ የፋብሪካ ስፌት፣ ግድ የለሽ፣ ሁለተኛው፣

ሁለተኛው የፋብሪካ አይደለም።

ወደ መስኮቱ ያስጠጋዋል። ክሩ አራት ጊዜ ተጠምጥሞ ከሥር ተቋጥሯል፣ ጫፉ ገበሩ ውስጥ ተደብቋል። በዚህ ከተማ እንዲህ የሚተክሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ እሱ፣ ሌላዋን ራሱ ነው ያስተማራት፣ በተጋቡ በዓመታቸው፣ ሱቁ ውስጥ፣ እጇን ይዞ፣ አታጥብቂው፣ ቁልፍም መተንፈሻ ይፈልጋል ሲላት እየሳቀች፣ አዎ፣ ያኔም ትስቅ ነበር። ቋጠሮው ወደ ግራ ያጋደለ ነው፣ ግራኝ ናት። የእሷ እጅ ነው። የት ሆና ተከለችለት፣ መኪናው ውስጥ፣ አውልቆ ነው ወይስ እንደለበሰ፣ እንደለበሰ ከሆነ ፊቷ ደረቱ ጋ ነበር፣ ክር በጥርሷ ነው የምትበጥሰው፣ መቀስ መፈለግ አትወድም፣ ወይ ጉድ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፣ የጠረጠረውስ መች ተረፈ። ምናልባት ምንም አይደለም። አንዲት ነርስ ለአንድ ሹፌር ቁልፍ ብትተክል ሰማይ አይደፋም። ታዲያ ለምን አልነገረችውም፣ ያን ራሷ ተክላ ይሄኛውን ለምን ወደ እሱ አመጣችው፣ ደክሟት ነው ወይስ ፈርታ፣ ራሷን ፈርታ፣ ቢጠይቃት ምን ትለዋለች፣ ምንም ብትለው ላያምናት ነው፣ እሷን ካላመነ ደግሞ እዚህ አገር ማን አለው።

መቀሱን ያነሳል። ሁለተኛውን ቁልፍ ይቆርጠዋል፣ የእሷን ክር ነቃቅሎ ቆሻሻው ውስጥ ይጥላል፣ እንደገና ይተክለዋል፣ አራት ዙር፣ ቋጠሮ ወደ ቀኝ፣ ጥብቅ፣ ያ ሰውዬ ነገ ሲቆልፍ በማን እጅ ሥራ እንደሚቆልፍ ጣቱ ይወቀው። የታችኛውንም ይተክላል። በካውያ ተኩሶ ወንበር ላይ ያንጠለጥለዋል።

አመሻሹ ላይ የመኪናው ሞተር ይሰማል፣ በሩ፣ ደረጃው፣ እሷ። ተባረክ፣ ትላለች ካፖርቱን አንስታ፣ የታችኛውን አየት አድርጋ ልታጥፈው ስትል ጣቷ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ገልበጥ አድርጋ ከሥሩ ታየዋለች። እሱ ድንች ይልጣል። ይሄ እኮ አልላላም ነበር፣ ትላለች። ላልቶ ነበር፣ ይላል ቀና ሳይል።

ምን ነካህ በይኝ፣ ሳቂብኝ፣ ተቆጪኝ፣ አንተ ሰውዬ ለቁልፍ ትቀናለህ በይኝና ልረፍ። አትለውም። ወንበር ስባ ከጎኑ ትቀመጣለች፣ ቢላዋ ታነሳለች፣ አንድ ድንች፣ ሁለት ድንች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከነገ ጀምሮ በአውቶቡስ ነው የምመጣው፣ ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እንደሚሻልሽ፣ ይላታል። ደስ ሊለው በተገባ፣ ስምንት ወር ሙሉ የፈለገው ይኼን አልነበር፣ አገኘ፣ አሸነፈ፣ ግን ምንም ካልነበረ ምኑን ነው የምትተወው።