ለእርምጃ የምትበቃ ሚስማር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጫማ ጠጋኙ ግን ጠርጥሮም ከመመንጠር ያልዳነ ሰው ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ወስፌ» ይለዋል፤ ፊት ለፊቱ ሲሆን ለሙያው፣ ዞር ሲል ለምላሱ።

የሚሠራው ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በተያያዘች፣ መንገዱን በምታየው ጠባብ ክፍል ነው። ከበርጩማው ላይ ሆኖ ሲያይ ዓለም ከጉልበት በታች ናት። የሰው ፊት አያምንም። ፊት ይስቃል፣ ፊት ያለቅሳል፣ ሁሉንም ያስመስላል። ሶል ግን የት እንደዋለ ይናገራል።

ይሄን ጥርጣሬ ከሜዳ አላመጣውም። ልጅ ሳለ ትምህርቱን አቋርጦ ጫማ ሊጠርግ አደባባይ በወጣ ጊዜ፣ ትናንት አብረውት የተማሩ ጎረምሶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እግራቸውን ሳጥኑ ላይ ይጭኑለት ነበር። ወሬያቸው ስለ ጭፈራ፣ ሳቃቸው ስለ ሴት ነው። አንዳቸውም ወደ ታች አላዩም። ጫማቸው ሲያበራ ተቃቅፈው ይሄዳሉ፤ እሱ ብሩሹን ይዞ ይቀራል። ሰው ረሳሁት ብሎ ያስባል እንጂ እንዲህ ያለው ነገር አይረሳም፤ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ያረጃል። እና ሲያገባ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «በኔ ቤት ጭፈራ የሚባል ነገር የለም» አለ። ሚስቱ በልጅነቷ ስትጨፍር ሰው ቆሞ የሚያያት ሴት ነበረች። ሳቀችና «እሺ» አለች። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት እሺ እንዳለች ናት።

ነገሩን የቆሰቆሰው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው። የሁለቱን ሱቅ የሚለየው ሳንቃ ስለሆነ ወሬ ለማቀበል መነሳት እንኳ አያስፈልገውም።

«ጋሼ ወስፌ፣ ሰማህ? ከፋርማሲው በላይ ያለው አዳራሽ የወጣት ጭፈራ ጀምሯል አሉ። ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ።»

«በቀን?»

«በጠራራ ፀሐይ! ብልጦች ናቸው እኮ። ማታ ሴት ልጅ ብትወጣ አባት በር ላይ ይቆማል። ከምሳ በኋላ ማን ይጠረጥራል? መጋረጃውን ዘግተው ቀኑን ያጨልሙታል። ጠጥተው፣ ጨፍረው፣ ተሳስመው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብተር አቅፈው ቤታቸው!»

«ያሳዳጊ በደል!» አለ ጫማ ጠጋኙ፣ ሚስማር እንደ ነከሰ።

«ያንተዋ ልጅ ቅዳሜ የምታጠናው የት ነበር?»

በሳንቃው ወዲያ ሳቅ ተሰማ። ሊላጩ የተቀመጡት ናቸው። ጫማ ጠጋኙ ሚስማሩን ከአፉ አወጣና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስሙኝ! ከኔ ቤት የሚጨፍር እግር ከተገኘ፣ ያ እግር ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም። ሚካኤል ምስክሬ ነው!»

ምሎ ሲያበቃ ከበርጩማው ተነሳ። ልጁ አንድ ናት። ኮሌጅ የገባች ጊዜ በገዛ እጁ የሰፋላት ጥቁር ባለ ታኮ ጫማ አለ፤ እሱን ከመደርደሪያው አውርዶ ገለበጠው። የሚራመድ ሰው ሶሉን ከፊትና ከኋላ ነው የሚበላው። የሚሽከረከር ሰው ግን ከጣቶቹ ሥር ክብ አድርጎ ይፈጨዋል። ሶሉ ክብ ሆኖ ተፈጭቷል። ታኮው ወደ ውጭ አጋድሏል። «አረማመዷ ቁርጥ እናቷን» አለና አለፈው። ያን ጊዜ ቆም ብሎ ቢያስብ ኖሮ! ግን የሚፈልገውን ያገኘ ሰው ሌላ አይፈልግም።

ልጁን ጠርቶ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቃትም። ትዋሸኛለች ብሎ አሰበ፤ ዘንድሮ ልጅ የወላጁን ዓይን እያየ ነው የሚዋሸው። የውስጡን ገበር ገልጦ ታኮውን የያዙትን ሚስማሮች በጉጠት ነቀላቸው። አንዷን ብቻ ተወ። ከታኮው አንገት ላይ በቀጭን መጋዝ ከግማሽ በላይ ገባ፣ በማስቲሽ ደፈነው፣ ቀለም ቀባው። ለእርምጃ ይበቃል። ለዝላይ አይበቃም። «ጥፋት የሌለባት እግር ምን ትሆናለች?» አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ምሳ እንደተነሳ ልጅቱ የሸራ ጫማዋን አጥልቃ፣ የተነፋ ቦርሳ አንግታ ወጣች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«መጽሐፍ ነዋ፣ አባዬ!»

መደርደሪያውን አየ። ጥቁሩ ጫማ የለም። ጥቂት ቆይታ እናትየዋ ሻርፗን ደረበች።

«ያቺን እህቴን ጠይቄያት ልምጣ።»

«አልተሻላትም እንዴ?»

«ምኑን ተሻላት!»

ብቻውን ቀረ። የያዘውን ጫማ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይተረትራል። እንዳይሰበር ፈለገ፤ እንዲሰበርም ፈለገ። ቢሰበር መሐላውን ፀጉር አስተካካዩ አዳማቂ ሆኖ ያስፈጽመዋል፤ ልጁን በር ላይ ቆሞ «ሂጂ» ሊላት ነው። ወዴት? አንድ ጊዜ ተነስቶ እስከ መንገዱ ጥግ ሮጠ። «አባት ሆኜ እዚያ አዳራሽ ደረጃ ላይ ልታይ?» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ባዶ እግር ሲያነክስ አየ። ከጎኑ የልጁ የሸራ ጫማ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ዓይኑን ከጉልበት በላይ ከፍ ማድረግ አቃተው። ሲያነሳው ልጅቱ እናቷን ደግፋ ነው። እናትየዋ ፊቷ በላብ ረጥቦ፣ ከንፈሯ በቀለም ቀልቶ፣ ጥቁሩን ጫማ በእጇ ይዛለች።

ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ደንበኛውን ትቶ ብቅ አለ።

«ጋሼ ወስፌ! አሁን የትኛው እግር ነው ደጅ የማይረግጠው?»

ጫማ ጠጋኙ አስገብቷቸው በሩን ዘጋ።

«እህትሽ ጋ አልነበርሽም?»

«እህቴ ድናለች። ከዳነች ሁለት ወር ሆናት።»

ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺስ?»

«እኔም ነበርኩ፣ አባዬ።»

«በምን ጫማ?»

«በዚሁ በሸራው! ዘንድሮ በታኮ የሚጨፍር ማን አለ? እማዬ ብቻ ናት። እግራችን አንድ ልክ ስለሆነ እኔ በቦርሳ እይዝላታለሁ። ልጆቹ እኮ ክብ ሠርተው ነው የሚያጨበጭቡላት!»

«ከጎረምሳ ጋር? በዚህ ዕድሜሽ?»

እናትየዋ አልሰማችውም። ጫማውን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ነበር። የጫማ ጠጋኝ ሚስት ናት፤ የተሰበረ ታኮ ስንት አይታለች። በጥፍሯ ቀለሙን ፋቀችው። የመጋዙ ጥርስ መስመር ወጣ።

«ይሄ አልተሰበረም» አለች ቀስ ብላ። ልጅቱም ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ አባቷን አየችው።

«ለኔ ነው ወይስ ለልጅቷ?»

ሁለቱም መልስ አይሆንም። የሚስቴን እግር ልሰብር ነበር ቢል ጉድ ነው፤ የልጄን ቢል የባሰ።

«ለእርምጃ ይበቃ ነበር» አለ።

«ለእርምጃ? ሃያ ሦስት ዓመት ተራመድኩልህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች። ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ አብጧል።

«ምለሃል አሉ፤ መንገድ ሙሉ ሰው ሰምቷል። እኔ በዚህ እግሬ ሩቅ አልሄድም። ከዚህ ቤት የሚወጣ ካለ እግሩ ደህና የሆነ ይውጣ።»

ልጅቱ በሩን ልትከፍትለት የተነሳች መሰለው። ውኃ ልታሞቅ ኖሯል።

ጫማውን ተቀብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አዲስ ታኮ አደረገለት፤ የነቀላቸውንም ሚስማሮች ለቅሞ ሁሉንም መታቸው። በሳንቃው ወዲያ ያለው ሰው የሚለውን ሁሉ ሲል እሱ በመዶሻው ድምፅ ሸፈነው።

እብጠቱ ጎደለ። እንደገና ቅዳሜ ሆነ። እናትየዋ ምሳ አነሳች፣ ከንፈሯን እዚያው ፊቱ ተቀባች፣ ጥቁሩን ጫማ ከመደርደሪያው አወረደች። ወዲያው አላጠለቀችውም። ታኮውን በሁለት እጇ ይዛ ጠመዘዘችው፣ ገበሩን ገልጣ ሚስማሮቹን በጣቷ ዳበሰች፣ ከበሩ ደፍ ጋር ደጋግማ መታችው፣ ለልጅቷም ሰጠቻት። ልጅቱ አየችው። ከዚያ የራሷን የሸራ ጫማ፣ እሱ ነክቶት የማያውቀውን፣ አውልቃ ሶሉን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ መረመረች።

«ደህና ዋል፣ አባዬ።»

ቀና አላለም። አራት እግር በፊቱ አለፈ፤ ሁለቱ በታኮ፣ ሁለቱ በሸራ። ታኮው ጥሩ ተሠርቷል፤ ድምፁ እስከ ፋርማሲው ድረስ ተሰማው።