እሷ አይደለችም የምትጮኸው

የእህቴን የዮንሲምን ባል ባሕር ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም፤ ጀልባው ብቻ ከደሴታችን በስተደቡብ ተገልብጦ ተገኘ። ዮንሲም መጀመሪያ ላይ በየማዕዱ ለእሱም ሩዝ ታወጣ ነበር። ቀጥላ ከእሱ ጋር ማውራት ጀመረች። ኋላ ደግሞ በእሱ ድምፅ ማውራት አመጣች። የባሕር ቅጠል የምናደርቅበት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብላ በጎርናና ድምፅ «ብርድ ነው፣ በሩን ዝጉልኝ» ስትል አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ሥራቸውን እየጣሉ ይሸሹ ነበር።

በቺንዶ ደሴት እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰው የሚሄደው ወይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ ወደ ሙዳንግ። የእኛ ቤት ሁለቱም ነበሩት። እናቴ ቹንዶክ ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት የምትነሣ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ሽፋኑ እስኪላጥ ያነበበች ሴት ናት። ታላቅ እህቷ ኩምሬ ደግሞ ሙዳንግ ናት፤ መናፍስትን የምታናግር፣ የሞተን ሰው ነፍስ በከበሮና በዘፈን አጥባ የምትሸኝ። እናቴ ከተጠመቀች ወዲህ ሁለቱ ከአንድ ገበታ ቀርበው አያውቁም።

ያም ሆኖ አክስቴ ስለ ዮንሲም ስትሰማ መጣች። ከደጅ ቆማ፣ «ቹንዶክ፣ ሰውዬው ውኃ ውስጥ በርዶት ነው። ልጠበውና ልሸኘው። እሱ ሲያርፍ ልጅቷም ታርፋለች» አለች።

«የሰይጣን ከበሮ ደጄ ላይ አይመታም፣ እትዬ።»

«እኔ መቼ ጌታሽን ነካሁብሽ?»

«ሂጂልኝ አልኩ!»

«እሺ እሄዳለሁ። ግን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ እንዲሁ አታስቀምጫት» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች።

በመርከብ ተሻግሬ ሞክፖ ከተማ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ኪኒን ሰጣት። ቀኑን ሙሉ ትተኛ ጀመር፤ ስትነቃ ግን ዓይኗ የራሷ ዓይን ነበር። አንድ ቀን አፍጥጣ ስታየኝ ቆየችና፣ «ጋሼ ፒልጉ፣ ፀጉርህ እኮ ሳስቷል! ሚስት ሳታገባ መላጣ ልትሆን ነው» ብላ ከት ብላ ሳቀችብኝ። በመሰደቤ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። እናቴ ግን አልተደሰተችም። «ኪኒኑ ጋኔኑን አስተኛው እንጂ አላስወጣውም» አለች።

እኔ የዓሣ መርከብ ላይ ነው የምሠራው፤ መርከባችን ወጣች፣ እኔም ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ኪኒኑ መስኮቱ ላይ እንዳለ ተቀምጧል። ጎረቤታችን መረብ እየጠገነ ቀና አለና፣ «እናትህና እህትህ ወይዘሮ ማ ጸሎት ቤት ናቸው። ልጅቷ ተፈውሳለች አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ።

ወይዘሮ ማ ከሆድ በሽታ በጸሎት ተፈወስኩ ካሉ ወዲህ፣ ከኮረብታው ማዶ ያለውን ቤታቸውን ጸሎት ቤት አድርገውታል። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ኦም አልፈቀዱላቸውም፤ አልከለከሏቸውምም። ግማሹ ምእመን እዚያ ይሄዳል።

ዮንሲም የምትወደውን የሩዝ አጥሚት ሠራሁና ማሰሮውን በፎጣ ጠቅልዬ ኮረብታውን ወጣሁ። የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል። ገና ከሩቅ መዝሙር ይሰማኝ ነበር። ደርሼ በሩ ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች መካከል የእህቴን ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ሳይ ልቤ ረጋ።

እናቴ ወጣች። ፊቷ ያብረቀርቃል፤ ድምፅዋ ሰልሏል። እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ፒልጉ! ወጣላት እኮ! ጋኔኑ ወጣላት!»

«እውነት? የታለች?»

«ተኝታለች።»

«ልቀስቅሳት፤ አጥሚት ይዤላታለሁ።»

«አትቀስቅሳት። ጌታ ራሱ ያነሣታል።»

ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ሽታው መጣ።

ገፍትሬያት ገባሁ። ወይዘሮ ማና ሌሎች ሦስት ሴቶች ክብ ሠርተው ተንበርክከው ይዘምራሉ። ሁሉንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛዋ ዮንሲም ስትወለድ እናቴን ያዋለደች ናት። መካከላቸው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተዘርግቷል፤ ከጫፉ ነጭ መሐረብ ፊት ላይ ጣል ተደርጓል። በዚያ ሙቀት ወለሉ ከሥር እሳት ተለኩሶበት እግሬን ያቃጥለኛል። ለካ እንዳይበርዳት ነው! መሐረቡን አነሣሁ። ዝርዝሩን አልናገርም። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ፤ ከዳሌዋ እስከ ጉልበቷ አንድ ነጭ ቦታ አልነበረም። ጥቁር ነበር፣ እንደ ባሕር ቅጠል ጥቁር። ጥጉ ላይ በገመድ የታሰረ የኮክ ቅርንጫፍ ተጋድሟል፤ ቅጠሉ ሁሉ ረግፏል።

ማሰሮው መቼ ከእጄ እንደወደቀ አላውቅም።

«ሞታለች!» አልኩ። «ሰዎች፣ ሞታለች እኮ!»

«ዝም በል!» አሉ ወይዘሮ ማ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «በጥርጣሬህ ትንሣኤዋን ታዘገያለህ።» ሴቶቹም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መዘመር ቀጠሉ። እናቴ ከኋላዬ ገብታ አጥሚቱን በእጇ ከወለሉ ላይ ማፈስ ጀመረች፤ «ስትነሣ ይርባታል፣ ምነው ደፋኸው» እያለች።

ከኮረብታው እንዴት ወርጄ ፖሊስ እንደጠራሁ አላስታውስም። ፖሊሶቹ ሲመጡም ይዘምሩ ነበር። ሳጅኑ እናቴን፣ «እማማ፣ ማን ነው ልጅቷን የመታት?» ብሎ ጠየቃት።

«ልጄን ማንም አልመታትም። የመታነው ጋኔኑን ነው።»

«ታዲያ ሰንበሩ ለምን እሷ ላይ ቀረ?»

ያን ጊዜ ነው እናቴ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ድርግም ያለው፤ ዓይኔ እያየ። ወደ መኪናው ሲያስገቧት ጫማዋን ማድረግ አቅቷት ሳጅኑ ተንበርክኮ አደረገላት።

ልቅሶው ላይ መጋቢ ኦም መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን የሠራው እምነታችን እንዳልሆነ እወቅ። የኮክ ቅርንጫፍ በየትኛው ወንጌል አለ? ይህ የድሮው ባዕድ አምልኮ ነው፤ የእኛን ልብስ ለብሶ ገባ» አሉኝ።

«ልብሱን ሲለብስ እርስዎ የት ነበሩ?» አልኳቸው። ለሐዘንተኛ የቀረበውን ሾርባ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

አክስቴ እሳቸው እስኪወጡ ውጭ ቆማ ጠብቃ ገባች። የዮንሲምን ፎቶ አይታ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። ስታለቅስ ቆይታ፣ «እኛ እኮ መንፈስን እናበላለን፣ እናጠጣለን፣ አልቅሰን እንሸኛለን። መንፈስ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ይደበደባል?» አለች። «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ፒልጉ። የቤተ ክርስቲያኖቹ ነው።»

ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው፤ ግን እፎይ አልኩ። የምጠላውን አገኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሳልፍ ምራቄን እተፋ ነበር።

እናቴን ለመጠየቅ ሞክፖ እስር ቤት የሄድኩት ቆይቼ ነው። መሄድም አልፈለግሁም ነበር። በመስታወቱ ማዶ ስትቀመጥ ትንሽ ሆናለች፣ ፀጉሯ አጭር ተቆርጧል። ምን እንደምላት ስላላወቅሁ የመጣልኝን ጠየቅኋት።

«እማ፣ የኮክ ቅርንጫፉን ማን አመጣው?»

«እኔ» አለች። «ወይዘሮ ማ በእጃቸው ነበር የሚመቱት። አልወጣም ሲል እኔ ነኝ ኮክ ይሻላል ያልኩት። በፀሐይ መውጫ በኩል ያደገውን ቆርጬ።»

«ከየት አመጣሽው ይህን?»

«ከእናቴ ነዋ። ኩምሬ ልጃገረድ ሳለች መንፈስ ይዟት ነበር፤ አትበላ፣ አትተኛ፣ ሌት ተቀን ከማይታይ ሰው ጋር ታወራለች። እናታችን በኮክ መታቻት፤ ወጣላት። እኔ ነበርኩ እግሯን የያዝኩት። ሕፃን ነበርኩ፣ ግን ጠንካራ ነበርኩ።»

«የዮንሲምንስ?»

«እግሯን ያዝኩ» አለች። «'እማ፣ አመመኝ' ስትል እጄ ሊለቅ ነበር። ወይዘሮ ማ 'አትስሚ፤ እሷ አይደለችም የምትጮኸው፣ በድምፅዋ የሚያታልልሽ እሱ ነው' አሉኝ። እኔም አጠበቅሁ።» ከዚያ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ «ፒልጉ፣ ዝም ስትል እኮ የወጣላት መሰለኝ። እልል ብለናል» አለች።

ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት አክስቴ ቤት ነው። ከበሮዋን ፀሐይ ላይ አውጥታ ቆዳውን በጨርቅ ትወለውላለች። ሰላምታም አልሰጠኋት።

«እትዬ፣ አንቺንም በኮክ መትተውሻል?»

እጇ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«እማ። ዳነች ነው የምትለው።»

«አልዳንኩም» አለች አክስቴ። «ደከመኝ። ጩኸቱ አለቀብኝ። ዝም ስል ወጣ ብለው ዘፈኑ። መንፈሱ መች ሄዶ ያውቃል? በኋላ ዕጣዬ ነው ብዬ ተቀብዬው ሙዳንግ ሆንኩ።» የቀሚሷን ጫፍ ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች፤ ቅልጥሟ ላይ ያረጀ ጠባሳ አለ። አይቼው አላውቅም፤ ማንም አይቶት አያውቅም።

«ስትጮሂ አልሰሙሽም?»

«እናታችን 'እሷ አይደለችም የምትጮኸው' ትል ነበር።»

ቃል በቃል! ወይዘሮ ማ ከወንጌል ያገኙት የመሰለኝን አያቴ ያለ ወንጌል ብላዋለች። ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

«ታዲያ ልቅሶው ላይ ይሄ የእኛ አይደለም ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ሙዳንግ ሆኜ በቆምኩበት ሁሉ ማንንም መትቼ ስለማላውቅ!» ብላ ጮኸችብኝ። «እኔ አልመታሁም! ከዚያ ሌላ ምን ልበልህ?» ከዚያ ደግሞ በለሆሳስ፣ «ቤታችን ይህን ያውቅ ነበር። ከዮንሲም በፊት መናገር ነበረብኝ። ግን ማን ጠይቆኝ?» አለች።

ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሳልፍ መትፋት ተውኩ፤ ከበሮ ስሰማም ደስ አይለኝም። የመርከቧ ሰዎች በየጊዜው ያነሡታል። አንዱ «መጽሐፉ ነው ያሳበዳቸው» ሲል ሌላው «የለም፣ ባህላችን ነው፤ መጽሐፉ ሳይመጣም እንደባደብ ነበር» ይላል። እኔን ሲጠይቁኝ፣ «ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው 'ተዉ' ብሎ ቢሆን እህቴ ዛሬ አለች» እላቸዋለሁ።

ወይዘሮ ማ ከእናቴ የበለጠ ተፈረደባቸው። እስከ መጨረሻው፣ ፒልጉ ፖሊስ ባይጠራ ኖሮ ልጅቷ ትነሣ ነበር አሉ። መጋቢ ኦም ስለ ባዕድ አምልኮ ረጅም ስብከት ሰበኩ፤ ጸሎት ቤቱን ግን በስብከታቸው አልጠሩትም። ቤቱ ዛሬ ተዘግቷል።

እናቴ የተፈታች ቀን ልቀበላት ወደብ ወረድኩ። አክስቴ ቀድማኝ ቆማለች፤ ማንም አልነገራትም። መርከቡ ተጠግቶ እናቴ ትንሽ ጥቅል ይዛ ወረደች። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ሰላም አልተባባሉም። ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ያያሉ።

«እትዬ» አለች እናቴ።

«አቤት።»

«ያኔ... እግርሽን ስይዝሽ... አሞሽ ነበር?»

«አዎ፣ ቹንዶክ» አለች አክስቴ። «በጣም።»

እናቴ እዚያው እርጥቡ ድንጋይ ላይ በሁለት ጉልበቷ ወደቀች። ስትጮኽ ድምፅዋ የሰው አይመስልም ነበር፤ ሰዉ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። አንዲት ሴት «ምን ያዛት?» ስትል ሰማሁ።

«ምንም አልያዛትም» አለች አክስቴ ወደ ሰዉ ዞራ። «እሷው ናት የምትጮኸው።» ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች። ጥቅሉን ተቀብዬ እዚያው ቆምኩ፤ ማናችንም ዝም በይ አላልናትም።