መልሱን መናገር የተከለከለችው ሲስተር

ሲስተር ጽናት ያን ዕለት ጠዋት ቆሎ እንኳ አልወርድ አላት። የሱፍ ባና ተከናንባለች፣ ከባናው ስር ደግሞ ላብ ያጠምቃታል። ፈተናዋ ነው። ፈተናውም ጉደኛ ነው፤ የሚያልፈው ያወቀ ሳይሆን እያወቀ አፉን የያዘ ነው።

ጤና ኤክስቴንሽን ገና የተጀመረ ሰሞን ነበር። ዶክተር ምንተስኖት የሚባል ሰው ከከተማ እስከ ግሼ ራቤል ድረስ መጥቶ፣ ባለሙያዎችን በኬዝ የሚያስተምሩ አመቻቾች ያሰለጥናል፤ ጽናትም አንዷ ናት። አስተማሪ ፊት ቆሞ መለፍለፉ ቀርቷል። የአንድ በሽተኛ ታሪክ በወረቀት ይሰጥና ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ይከራከሩበታል፤ አመቻቿ መጠየቅ እንጂ መመለስ አይፈቀድላትም።

"መልሱን የተናገረ ወደቀ። በፊቱ ያሳየም ያው ነው" ብሏል ዶክተሩ። ሲናገር ጥርሱ አይታይም፤ ጥርስ መኖሩንም ያረጋገጠ የለም።

ያለፈ ራቤል ቀርቶ ያሰለጥናል። የወደቀ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጽናት የነበረችበት ደግሞ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለች አንዲት ጤና ኬላ ናት። አምና ክረምት አንዲት ወላድ በቃሬዛ አመጡላት፤ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለ። የሚጠየቅ ሰው የለ፣ የሚላክ ሰው የለ። ውሃው እስኪጎድል የሴትዮዋን እጅ ይዛ ተቀመጠች። ሴትዮዋስ ተረፈች። ጽናት ግን ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲጮኽ ከሰማች ጆሮዋን ትደፍናለች። ቆላ ከምትመለስ ብትታሰር ይሻላታል።

ይኼ ሳያንስ ከምትፈተንበት ቡድን መሀል ማን ተሰይሟል? ጋሽ ኪዳነ ወልድ። በግሼ ምድር የእሳቸውን መርፌ ያልቀመሰ ቂጥ የለም። ገና ቁስል በሚያጥቡበት በድሬሰርነት ዘመናቸው፣ ጽናት ልትዳር ሽር ጉድ ሲባል "ይቺን ልጅ አትዳራት፣ አስተምራት" ብለው አባቷን የለመኑትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እሳቸውን ማን ደፍሮ ተሳስተዋል ይላል?

ነርሱ ፍሬአብ ወረቀቱን አነበበ። "አንዲት ሴት ቤቷ ወለደች። የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ማህፀኗ ሲዳሰስ ጠጥሯል። ቀይ ደም ግን ሳያቋርጥ ይፈሳታል።"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይኼ ምን ያከራክራል? ማህፀኑ ላልቷል። ሆዷን ማሸት፣ መርፌውን መውጋት። አለቀ።"

እውነትም አለቀ። ትልቅ ሰው የዘጋውን ነገር የሚከፍት ልጅ ስድ ይባላል፤ ስድ መባል የፈለገ አልነበረም። ሁሉም ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር።

ጽናት ታውቃለች። የጠጠረ ማህፀን አይደማም፤ ደሙ ከሌላ ቦታ ነው፣ ከተቀደደ ቦታ። መልሱ እንደ ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ ይገላበጣል፤ አይዋጥ፣ አይተፋ።

"ሌላ ሐሳብ ያለው አለ?" አለች።

ወደ ነርሱ ዞረች።

"ፍሬአብ?"

"ጋሼ እንዳሉት ነው።"

"ሳሌም?"

ሳሌም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ ከሁሉም ታናሽ። "እኔም እንደ እሳቸው" አለች፣ ከንፈሯ ተከፈተ በማይባል ድምፅ።

ከጥግ የዶክተሩ እስክሪብቶ ጫር ጫር አለ። ጽናት ያን ድምፅ ስትሰማ ወንዙ ታያት። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ነገ ወደየቀበሌያቸው ሄደው፣ የጠጠረ ሆድ ሲያሹ ሴት እፊታቸው ስትደርቅ ታያት።

"ማህፀኑ..." ብላ ጀመረች። ዶክተሩ ቀና አለ። "...ማህፀኑን ነው ያሉት፣ አይደል ጋሼ?"

"ነግሬሻለሁ። ጆሮሽን ያምሻል?"

አመለጠች፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ያን ጊዜ አባቷ ሲዳኙ ያየችው ሸንጎ ትዝ አላት። በሸንጎ ትልቁ መቼ ቀድሞ ይናገራል? ፍርድ ከታናሽ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ዳኛው መጨረሻ ነው። ትልቁ ከቀደመማ ማን ይተነፍሳል?

ተነስታ እጅ ነሳች። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ዳኛ ይሁኑልን። ፍርድ ከታናሽ አይደል የሚጀምር?"

የጋሽ ኪዳነ ወልድን ፊት አየች። አሁን የተናቁ መስሏቸው በርኖሳቸውን አንስተው ቢወጡስ?

"እኔ ተናግሬያለሁ እኮ" አሉ።

"እንዳልተናገሩ ይቁጠሩልን።"

ትክ ብለው አዩዋት። "እንደ አባትሽ ነገር ታጣምሚያለሽ። በሉ እንግዲህ፣ ከታናሽ።"

ሳሌም ወደ ጋሼ ዞረች። "አይቆጡኝም?"

"ዳኛ አይቆጣም። ተናገሪ።"

"እኔ እንጃ... ሲላላ ነው የምናሸው። ወረቀቱ ጠጥሯል ይላል። የጠጠረ ምኑ ይታሻል?"

ፍሬአብ ወረቀቱን መልሶ አየ። "እውነቷን ነው። ደሙ ከማህፀኑ ካልሆነ እንግዲህ..."

"ከየት ሊሆን ይችላል?" አለች ጽናት። ድምጿ እንደ ፈትል ቀጥኗል።

"ስትወልድ ተቀድዳ ቢሆንስ?" አለ ፍሬአብ። "ባትሪ አብርቼ አያለሁ። የተቀደደውን ካገኘሁ እሰፋለሁ፤ ካልሆነልኝ በጨርቅ ጠቅጥቄ በቶሎ ሆስፒታል።"

"በእጅም መጫን ነው" አለች ሳሌም፣ አሁን ድምጿ ተገኝቶ። ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ዳኛው ዞሩ።

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። መስመር በመስመር አነበቡት።

"ጠጥሯል ይላል" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ደም የሚለውን ስሰማ እጄ ወደ መርፌው ነው የሮጠ።" ወረቀቱን መለሱ። "ልጆቹ ረትተዋል። የኔ ቃል ተነስቷል።"

ዶክተር ምንተስኖት እስክሪብቶውን ከደነ። "ዳኛ መሾም መመሪያው ላይ የለም።"

የጽናት ልብ ገደሉን ወረደ።

"መልስ ግን ካፍሽ አልወጣም። አልፈሻል። እዚሁ ትቀሪያለሽ።" ጥቂት አስቦ ጨመረ፦ "የሚቀጥለው ቡድንሽ የድሮ ድሬሰሮች ናቸው።"

"ስንቶቹ?"

"ሁሉም።"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ በሳቅ አሳላቸው። "እኔን አንዱን ዝም ለማሰኘት እንዲህ ከገረጣሽ፣ ለነሱማ ቄስ አስጠሪ ልጄ።"

ሰው ሁሉ እየሳቀ ወጣ። ጽናት ጫማዋን የምታስር መስላ አጎነበሰች፤ በሩ እስኪዘጋ ፊቷን ለማንም አላሳየችም።