የኑሀ መስመር

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን ኡሙሃኒ ስልኳን በጸጉር ማስያዣ ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር ታስራለች። ቆቦ ውስጥ በምታገለግልበት ትምህርት ቤት፣ በምክር ክፍሏ፣ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያች ጥግ ብቻ ነው። ስልኩ ትንሽ ዞር ካለ አዲስ አበባ ያለችው አሠልጣኝ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ትቀራለች። ስለዚህ ኡሙሃኒ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ዘበኛ ቆማ ትማራለች።

ሥልጠናው ለትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪዎች ነው። ተማሪው ተሻለው ወይስ አልተሻለውም የሚለውን በግምት ሳይሆን በቁጥር መከታተል። ልጁ በየሳምንቱ ዘጠኝ ጥያቄ ያላት ወረቀት ይሞላል፦ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብስ ይበላል ወይ፣ ተስፋ መቁረጥስ። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሰጣል። ድምሩ ወደ ሃያ ሰባት ከተጠጋ ነገሩ ከፍቷል፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ሰላም ነው። የየሳምንቱ ድምር በነጥብ ተቀምጦ በመስመር ይያያዛል። መስመሩ ቁልቁል ከሄደ እሰየው ነው።

የኡሙሃኒ ኩራት ኑሀ ነበረች። አሥረኛ ክፍል ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ውዱ የምትባለው እናቷ ሮቢት ገበያ ድረስ እየተመላለሰች ሽንኩርት ትሸጣለች። ኑሀ የእናቷን ልፋት እያየች እንቅልፍ አጥታ፣ እህል አልወርድ ብሏት ነበር ወደ ምክር ክፍሉ የመጣችው። አሥራ ዘጠኝ ሞላች፤ ሃያ ሞላች፤ አሥራ ስምንት ሞላች። ከዚያ ድንገት አምስት። በቀጣዩ ሰኞ ሦስት። ኡሙሃኒ ሦስቷን በደስታ አስቀመጠች። የኔ ሥራ ነው ብላ ባታወራም በሆዷ ብላለች። በሷ ቦታ የሆነ ማን አይልም?

የዛሬው ቅዳሜ የሷ ተራ ነበር። የኑሀን ስም ሸሽጋ መስመሯን ለሠልጣኞቹ ሁሉ አሳየች። አንዱ ከወዲያ አውራ ጣት ላከላት።

አሠልጣኟ ዶክተር ኤልሳቤጥ ግን መስመሩን ቀረብ ብላ አየችው። "ኡሙሃኒ፣ በአሥራ ስምንቷና በአምስቷ መካከል ምን ሆነ?"

"ተነጋገርን፣ ዶክተር።"

"መነጋገሩንማ ቀድሞም ትነጋገሩ ነበር። መስመር እንዲህ ባንዴ ሲወርድ ከደስታው በፊት ልጅቷን መጠየቅ ነው። ሰው የሚረጋጋው ሁልጊዜ ስለተሻለው አይደለም። አንዳንዴ አንድ ነገር ስለወሰነ ነው።"

ኡሙሃኒ ይህን ስትሰማ ፊቷ የመጣችው ታናሽ እህቷ ፈሪሀ ነበረች።

ፈሪሀ ከስድስት ዓመት በፊት ተኮራርፋ ከርማ ድንገት አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀች። የቤቱን ሰው ልብስ በሙሉ አጠበች፤ የኡሙሃኒን ጸጉር አበጥራ ሠራችላት። ኡሙሃኒም ለእናቷ "አልሐምዱሊላህ፣ ልቧ ተመለሰላት" አለቻት። በስምንተኛው ቀን ፈሪሀ የለችም። ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግር ደላላ ካሰባሰባቸው ልጆች ጋር በአፋር በረሃ አድርጋ ጅቡቲ ገብታ ነበር። ከባሕሩ ዳር "ኡሚ፣ አብሽሪ፣ እደውላለሁ" የሚል የድምፅ መልእክት ላከች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም። አውቶቡስ ቆቦ ላይ በቆመ ቁጥር ኡሙሃኒ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ ሳታይ አታልፍም። እንደማትመጣ ታውቃለች፤ ግን ዓይኗን ማን ይከልክለው?

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ኑሀ ደብተሮቿን ለጓደኛዋ ለራዊያ ስትሰጥ አይታት ነበር። አይታ "እንዴት ያለች ደግ ልጅ" ብላ አለፈች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት እንግዲህ።

ስልኩን ከፍርግርጉ ሳትፈታ ወጣችና ባጃጅ ያዘች።

ኑሀ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። የእናቷ ቀሚስ፣ የአልጋው ልብስ፣ መጋረጃው ሳይቀር ገመዱ ላይ ተሰቅሏል። "ቲቸር፣ በሰላም ነው የመጡት?" አለች ፈገግ ብላ።

ኡሙሃኒ ለሰላምታ የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። "መቼ ነው?" አለቻት።

ኑሀ "ምኑ?" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ "ማክሰኞ" አለች። "ለእማ እንዳይነግሩብኝ።"

ኡሙሃኒ ከመታጠቢያው ሳፋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "ታናሽ እህቴም ከመሄዷ በፊት እንዲህ አጥባለች። ስትስቅ አይቼ ደስ አለኝ፤ ምን አገኘሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነኝ። ወላሂ ኑሀ፣ ትኑር ትሙት አላውቅም።"

"እኔ እንደሷ አልሆንም።"

"እሷም እንደዚያ ሳትል አልቀረችም። ዝም ብዬ አላይሽም፤ እናትሽ መስማቷ አይቀርም። ከኔ ከምትሰማው ግን ካንቺ ብትሰማ ይሻላታል። እስክትመጣ አብሬሽ እቀመጣለሁ።"

ኑሀ አለቀሰች። ውዱ ባዶ ማዳበሪያዋን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ስትገባም እያለቀሰች ነበር፤ እንደምንም ነገረቻት። ውዱ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ማዳበሪያውን መሬት ላይ ጥላ ተቀመጠችበትና የልጇን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። ኡሙሃኒ ተሰናብታ ስትወጣም አልለቀቀችውም።

ሰኞ የኑሀ ቀጠሮ አራት ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት አለፈ። ኡሙሃኒ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካከለች፤ መልሳ አስተካከለች። የደላላ ቀን ሊቀደም እንደሚችል ታውቃለች። አራት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ኑሀ ዓይኗ አብጧል፤ ሰላም እንኳ አላለቻትም። "ቀረሁልዎት፤ አሁን ደስ ይበልዎት" አለችና እስክሪብቶውን ከእጇ መነጨቀቻት። ዘጠኙንም ሞልታ ወረቀቱን ገፋችላት። ኡሙሃኒ ሁለት ጊዜ ደመረችው። ሃያ አንድ።

ቅዳሜ አዲሷ ነጥብ ከሁሉም በላይ ተሰቅላ ታየች። አውራ ጣት የላከ የለም።

"ከመጀመሪያውም ብሷል" አለች ዶክተር ኤልሳቤጥ በሐዘኔታ።

"አዎ፣ ብሷል" አለች ኡሙሃኒ። "ግን ራሷ መጥታ ነው የሞላችው።"

አሠልጣኟም፣ "በይ እንግዲህ፣ ሥራሽ ገና አሁን ጀመረ" አለቻት።

ሥልጠናው ሲያልቅ ኡሙሃኒ ስልኩን ፈታ መስኮቱ ሥር ቆየች። ፈሪሀ ክፉኛ ናፈቀቻት። የናፈቀቻት ያቺ ሳምንቱን ሙሉ የሳቀችው አይደለችም፤ ከዚያ በፊት የነበረችው፣ ተኮራርፋ ጓዳ የምትተኛው፣ ምግብ ሲያቀርቡላት የምትነጫነጨው ናት። ምነው እዚያው ተኮራርፋ በቀረች። በር ከፍታ ገብታ፣ ሰላም ሳትል፣ ከሃያ ሰባቱ ሃያ ሰባቱንም ሞልታ ብትሰጣት ኡሙሃኒ ወረቀቱን ስማ ትቀበላት ነበር።