ሽማግሌ አክተር አይሆንም

ደሴ ውስጥ ፊልም የሚያይ ሰው ሞልቷል። ፊልም የሚገባው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። በዚያ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር በሺር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ አንድ ቅዳሜ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይመሰክርልኛል።

የዚያ ቤት ሕግ አጭር ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ አንድ «አክተር» አለ፤ የተቀረው ሁሉ «ሌባ» ነው። አክተሩ ወጣት ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይሞትም። ስንት ሰው ትወና ተምሮ፣ ተርቦና አርጅቶ የሠራውን ሥራ እነዚህ ጫት ጉንጫቸው ውስጥ የወተፉ ዳኞች በሁለት ቃል ይጨርሱታል። እኔ ምንተስኖት፣ አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው፣ ከነሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቄ መቀመጤ ያንገበግበኝ ነበር። ግን የት ልሂድ? ቤቴ ማጫወቻ የለኝም፤ የምወደው አንድ ፊልም ደግሞ ያለው በሺር ጋ ብቻ ነው።

ከጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ከሌሎች ካሴቶች ጋር ቀላቅሎ ያመጣው የቆየ የካውቦይ ፊልም ነው። ሁለት ሽማግሌዎች የተሰረቁ ፈረሶች ሊያስመልሱ ይወጣሉ፤ አንዱ ብቻ ይመለሳል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ተኩሱም ጥቂት ነው። የሁለቱን ተዋንያን ፊት ግን አይቼ አልጠግብም። በተለይ ረጅሙ ከመሬት ሲነሳ ጉልበቱን የሚይዝበት አያያዝ፣ ቃል ሳይተነፍስ ዕድሜውን በሙሉ ይነግርሃል። ይህን አይቶ የሚያዛጋ ሰው እንዳለ ያወቅሁት ሰኞ ገበያ ነው።

በሺር ራሱ ፊልሙን ይጠላዋል። እህቱ ኢክራ ኮምቦልቻ ልትዳር አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ ሰርጓን በዚያው ካሴት ላይ ሊያስቀርጽ ወሰነ። ልመና ባልወድም ለመንኩት። በመጨረሻ «ቅዳሜ ከሰዓት አሳየዋለሁ። ሰዉ እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ ካሴቱን እተውልሃለሁ፤ ተነስቶ ከሄደ ግን ሰርግ ይቀረጽበታል» አለኝ።

ቅዳሜ ስለዘነበ ቤቱ ሞላ። ፊልሙ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው መልከ መልካሙ ወጣት ከኋላው ተመትቶ ወደቀ።

«አክተሩ ሞተ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ካሴቱ ተበላሽቶ ነው» አለ ሌላው።

ብድግ ብዬ አስረዳኋቸው። ዋናዎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ሽማግሌ አክተር አይሆንም። ቁጭ በል መምህር» አሉኝ።

ለአህያ ማር አይጥማትም አልኳቸው። ደንቆሮም አልኳቸው፣ ከብትም አልኳቸው። አራት ሰዎች ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ፤ በሺርም እጁን ወደ ማጫወቻው ሰደደ።

በሩ ላይ የሚቀመጡት አባቱ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ናቸው። ቤቱም የሳቸው ነው። ድሮ ከሐርቡ ባቲ በቅሎ እየጫኑ የነገዱ ሰው ናቸው፤ አሁን መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ይውላሉ። ሰዎቹን ለማሳለፍ ዞር ሲሉ ዓይናቸው ፊልሙ ላይ አረፈ። ረጅሙ ሽማግሌ ፈረሱን እየጫነ ነበር። የኮርቻውን የሆድ ጠፍር ሳበ፤ ከዚያ እጁን ኮርቻው ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ቆመ። ይህን ቦታ አብዝቼ እወደዋለሁ። የሞተች ሚስቱን እያሰበ ነው ብዬ ለተማሪዎቼ ሳይቀር አስተምሬበታለሁ። አሁንም ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ አንተ» አሉኝ ሐጂ። «ፈረሱ ሆዱን ነፍቶበት ነው። እስቲተነፍስ እየጠበቀው ነው።»

ፈረሱ ተነፈሰ። ሽማግሌው ጠፍሩን ሁለት ቀዳዳ ጨምሮ አጠበቀው።

«አያችሁት? ወላሂ ይሄ ሰውየ ከብት ያውቃል። ያላወቀ ቶሎ ይወጣና ኮርቻው ገደል አፋፍ ላይ ይዞርበታል» አሉና ወንበራቸውን በሩ መሃል ላይ አዙረው ተቀመጡ።

አራቱ ሰዎች መውጫ አጥተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በሺርም እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ ሐጂ ብቻ አልፎ አልፎ ይናገሩ ነበር፤ ሽማግሌው ከራሱ በፊት ፈረሱን ውሃ ማጠጣቱን፣ ዳገት ላይ ወርዶ መሳቡን ያሳዩናል። ሰዉም እየተቀባበለ ይመልስላቸዋል። ግማሹ የኩታበር ገበሬ ልጅ ነው። ፈረስ ሆዱን እንደሚነፋ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህም አናደደኝ።

መጨረሻ ላይ ረጅሙ ሽማግሌ ተመታ። ዛፍ ተደግፎ ተቀመጠና ስለ ፈረሱ ሰኮና ለጓደኛው አንድ ነገር ነግሮት ሞተ። ከአግዳሚው አንድም ሰው አልተነሳም።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ፊልም እኮ ነው» አልኳቸው። ማረም ልማዴ ነው።

«ፊልም መሆኑን መች አጣሁት። ሰውየው ግን ያኔ እንዲህ ከሸመገለ ዛሬ በሕይወት የለም» አሉኝ። ወደ ልጃቸው ዞሩና «በሺር፣ ለእህትህ ሰርግ ሌላ ካሴት ግዛ» አሉት።

ደስ አለኝ። ካሴቱ ተረፈ፤ እኔም ትክክል ነበርኩ። ያን ሁሉ የሳቀብኝን ሰው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በንቀት ቃኘሁት። ሐጂ መዳፎቻቸውን ለዱዓ ከፍተው ወደኔ ተመለከቱ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

ፊልሙን ዘጠኝ ጊዜ አይቼዋለሁ። የተዋንያኑ ስም መጀመሪያ ላይ በትልልቅ ፊደል ይወጣል። በሺርን በየጊዜው «እሱን እለፈው» የምለው ግን እኔው ነኝ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አፌን ይጠብቃል።

«አላውቀውም» አልኩ።

ሐጂ መዳፎቻቸውን አልሰበሰቡም።

«ታዲያ ስሙን እንኳ ሳትጠይቅ ነው በሱ ሰበብ ይህን ሁሉ ሰው የሰደብኸው?» አሉኝ።